ያን ማክሰኞ ለምን እንደቀረሁ

ብሩክሊን ሴንተር
ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ሻል አለው? ትልቋ ልጅሽ ለፈተናው እየተዘጋጀች ነው ብለሽኝ ነበር፤ ማርያም ትርዳት። የአዳማ ሙቀት በዚህ ወር እንዴት እንደሚያደርግሽ አውቃለሁና ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ጋደም ሳትዪ ወደ ጓዳ አትግቢ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ፣ እተኛለሁ። የቀረውን ከደብዳቤው ታገኚዋለሽ።

ይህን የምታመጣልሽ ጽጌሬዳ ትባላለች፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት። ነገ ትሳፈራለች፤ አዳማ አክስት ስላላት እስከ ረቡዕ በእጅሽ እንደምታደርስልኝ ቃል ገብታልኛለች። በስልክ ማውራት ስንችል ወረቀት ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ያቅተኝና ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዘይት ዋጋ አውርተን እንዘጋለን። ባለፈው ሳምንት የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ከሰማሁ በኋላ ግን ዝም ማለት እንደማልችል አወቅሁ። "ያን ሁሉ ብርድ ችለሽ፣ ስልኩን እጅሽ እስኪደነዝዝ ይዘሽ የእናቴን ቀብር ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ ወንድም የለኝም። ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ" አልሽኝ። ከሥራ ወጥቼ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። ሞተሩን አስነስቼ እንደገና አጠፋሁት።

ምስጋናሽ አይገባኝም። ለምን እንደማይገባኝ ልነግርሽ ነው። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ መሃል ላይ አትተዪው።

እናቴ የሞተች ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እማማ የትምወርቅ ያንቺን አልጋ ወደ ግድግዳው ገፋ አድርገው ለእኔ ቦታ አወጡልኝ። መስከረም በመጣ ቁጥር ለሁለታችን አንድ ዓይነት ጫማ ይገዙልን ነበር፤ እግሬ ካንቺ ይበልጥ ስለነበር የእኔ ሁልጊዜ ይጠበኝና አልናገርም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ እማማን ወደዚህ፣ ወደ ወንድምሽ ስትሸኚ ከቦሌ ደወልሽልኝ። "ይልማ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ወንድ ነው፤ የሴት ነገር አይገባውም። እናቴን አደራ" አልሽኝ። "በሰማይ በምድር" አልኩሽ።

ሥራዬን በስሙ ታውቂዋለሽ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ቤቴ ቁጭ ብዬ በኮምፒውተር ነበር የማስተረጉመው። አማርኛ ብቻ የሚናገር በሽተኛ ሐኪም ቤት ሲመጣ ነርሷ ጎማ ባለው ብረት ላይ የቆመ ስክሪን እየገፋች ታመጣለች። እዚያ ውስጥ እኔ ብቅ እላለሁ። ሐኪሙ ያለውን በአማርኛ እላለሁ፣ በሽተኛው ያለውን በእንግሊዝኛ እላለሁ፣ ሲጨርሱ እጠፋለሁ። የማውቀው ሰው ከገጠመኝ ለኩባንያው ተናግሬ ለሌላ አስተርጓሚ መልቀቅ አለብኝ። ደንቡ እንደዚያ ነው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ጥሪ ሲመጣልኝ ስክሪኑ ላይ የወጡት እማማ ነበሩ። የተቀመጡት ወረቀት የተነጠፈበት አልጋ ላይ፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው ነው። ሲያዩኝ ስክሪኑን በሁለት እጃቸው ያዙትና "ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?" አሉኝ። ነርሷ ሳቀች። እኔ ያን ጊዜ "እኚህን ሴት አውቃቸዋለሁ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሐኪሙ ደረጃ ሲወጡ ይደክምዎታል ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም እንደለመዱት ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ነርሷ ቶሎ ብላ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ጠየቅኳት። ትንፋሽ ያጥራቸዋል ብላ ነበር የጻፈችው። ይህ በእኛ አገር አዎ ማለት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ለካ ከመጡ ጀምሮ አዎ ባሉ ቁጥር ትንፋሽ አጠራቸው እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል። ከዚያ ቀን በኋላ ደንቡን ተውኩት። እኔ ካልኖርኩላቸው ማን ይኖርላቸዋል ብዬ ተውኩት።

ታኅሣሥ ላይ የነበራቸውን ቀጠሮ ራሴ ፈልጌ ያዝኩት። ሦስተኛው ለጥር 20፣ ለማክሰኞ፣ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር ለአራት ሰዓት ተኩል ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ አንጀታቸውን በካሜራ ሊያዩላቸው ስለሆነ እንዴት እንደሚዘጋጁ የሚነገራቸው በዚያ ቀን ነው። ያንንም ያዝኩት። እማማም ይልማም እኔ እንደምኖር ያውቁ ነበር። ይልማ ክሊኒኩ በር ላይ አድርሷቸው አውቶቡሱን ሊነዳ የሄደው ለዚህ ነው። እናቱን ጥሎ አልሄደም። ለእኔ ሰጥቶ ነው የሄደው።

አሁን የኮምፒውተሩን ነገር ልንገርሽ። ኮምፒውተር ሌሎቹን ሁሉ የሚያንቀሳቅስለት አንድ ዋና ፕሮግራም አለው። እሱ በየጊዜው ይታደሳል፤ አፕዴት ይሉታል። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ኩባንያው ይጽፍልን ነበር። የበሽተኞች ምስጢር እንዳይሰረቅ ሲባል፣ ከጥር 20 ጀምሮ ዋናው ፕሮግራሙ ያልታደሰ ኮምፒውተር ወደ ሥራ መግባት አይችልም የሚል ነው። ስክሪኔ ጥግ ላይም በየቀኑ አንዲት ትንሽ ሳጥን ትመጣለች። አሁን ይጫን ወይስ በኋላ ላስታውስዎ ትላለች። እኔ በኋላ እላታለሁ። የሚከፈለኝ በደቂቃ ነው፤ ባለፈው ዓመት አንዱ አፕዴት ግማሽ ቀን ስለበላብኝ ፈራሁት። ሰባት ሳምንት ሙሉ በኋላ አልኳት። ጣቴ ለምዶ ሳላነበው ነበር የምነካው። ሰኞ ዕለትም በኋላ ብያለሁ። ማክሰኞ በጠዋት ተነስቼ እጭነዋለሁ፣ የሦስት ሰዓት ተኩል ጊዜ ይበቃዋል ብዬ ነው።

ማክሰኞ ልክ አንድ ሰዓት ላይ አሁን የሚለውን ነካሁ። ቁጥሩ እየቆጠረ ወጣ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ሻይ አፈላሁ። ስድሳ አንድ ፐርሰንት ሲደርስ ስክሪኑ ጠቆረና ተመልሶ በራ። ማሻሻያውን መጫን አልተቻለም፣ ኮምፒውተሩ ወደነበረበት እየተመለሰ ነው፣ እንዳያጠፉት አለኝ። ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። ከሥሩ ረጅም የስህተት ቁጥር አለ። ቁጥሩን የመብራት ቢል በመጣበት ፖስታ ጀርባ ገልብጬ በስልኬ ፈለግሁት። አንዱ ቦታ ስለጠበበው ነው ይላል፤ ሌላው የቫይረስ መከላከያውን አውጪው ይላል። ሁለቱንም አደረግሁ። ፎቶም ቪዲዮም ሳልመርጥ አጠፋሁ። ማተሚያውን ነቀልኩ። እንደገና አስጀመርኩት። እንደገና ስድሳ አንድ ላይ ወደቀ። ሦስት ሰዓት ካምስት ሆነ።

ለኩባንያው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ አጥፍተሽ አብሪው፣ እስከ አራት ሰዓት ካልሆነልሽ ንገሪን አለችኝ። ወርጄ ሞሲሳን ቀሰቀስኩት። ሞሲሳ ምድር ቤት የሚኖር የወለጋ ልጅ ነው፤ ሌሊት ዕቃ ሲያደርስ አድሮ ቀን ይተኛል። ኮሌጅ ኮምፒውተር ሁለት ዓመት ተምሮ ነው ያቋረጠው። ዓይኑን እያሸ በካልሲ ወጣ። "አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ ነገር ሰው ያሳብዳል እንጂ አይገድልም" አለኝ። ምን እንደተናገረ አያውቅም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

ሰዓቱና ቀኑ ልክ መሆኑን አየ። የወረደውን ፋይል በሙሉ ሰርዞ ከመጀመሪያው እንዲያወርድ አደረገው። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረ። ስድሳ አንድን አለፈ። ሞሲሳ እጁን አጨበጨበ። ሰባ ሆነ፣ ሰባ ሁለት ሆነ፣ ሰባ አራት ሆነ።

እዚህ ላይ የሆነውን ቀስ ብዬ ልጽፈው። ከእኔ ቤት ሴንት ፖል ያለው ክሊኒክ ድረስ በሃይዌይ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ይላል። መኪናዬ በር ላይ ነበረች፤ በረዶዋን ጠዋት ጠርጌላታለሁ። ቁልፉ እጄ ላይ ነው፤ ካፖርቴን አንድ እጅጌ አጥልቄያለሁ። ተነስቼ ብሄድ፣ ኮምፒውተሩም ኩባንያውም ባይኖሩ፣ በእግሬ ገብቼ እማማ አጠገብ መቀመጥ እችል ነበር። ልጃቸው ነኝ ብል ማንም አይከለክለኝም። ሞሲሳ "ትሄጂ እንደሆነ ሂጂ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ" አለኝ። እኔ ግን ሰባ አራቷን እያየሁ ቆምኩ። አሁን ያልቃል አልኩ። ይህን ያህል መጥቶ አሁን ያልቃል አልኩ። አራት ሰዓት ላይ ለኩባንያው ደወልኩ፤ ልጅቷ ግድ የለሽም፣ ሌላ አስተርጓሚ እናስገባለን አለች። ለይልማ አንዴ ደወልኩ። እየነዳ ስልክ አያነሳም፤ መልእክት አልተውኩለትም። አራት ሰዓት ከሩብ ላይም ሰባ አራት ነበር። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ሲበራ ወደነበረበት እየተመለሰ ነው አለን።

ወንበሩ ላይ ካፖርቴን በአንድ እጅ እንደለበስኩ ተቀመጥኩ።

ሞሲሳ ኮምፒውተሩን አንስቶ በጎኑ አገላብጦ ሲያይ ከጥጉ የጥፍር ያህል የካሜራ ካርድ ወጣ። መቼ እንዳስገባሁት አላውቅም። አፕዴቱ እዚያ ካርድ ላይ እየተሰናከለ ኖሯል። በጥፍሩ ስቦ አወጣውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ አንዴም ሳይቆም ጨርሶ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ እንኳን ደህና መጡ አለኝ። ካርዱን ኋላ ከፍቼ አየሁት። ባዶ ነው።

ወደ ሥራው ስገባ የእማማ ቀጠሮ ተዘግቷል ይላል። ሰው ደረሰላቸው አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀለለኝ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ልባቸው አመታቱ ስለሚዛባ የሚወስዱትን የደም ማቅጠኛ ከምርመራው አምስት ቀን በፊት አቆሙ። ምርመራው በደህና አለቀ። በማግሥቱ መልሰው መጀመር ነበረባቸው፤ አልጀመሩም። የካቲት 10 ጠዋት ይልማ መታጠቢያ ቤት ወድቀው አገኛቸው። ዘጠኝ ቀን ተኝተው የካቲት 19 ዐረፉ። ሐኪሙ ያ ክኒን ባይቋረጥ ኖሮ ይተርፉ ነበር ብሎ አልማለልንም። ደም ረግቶ ጭንቅላታቸው ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው የነገረን። ክኒኑ ግን ከጥር 22 ጀምሮ ሳይነካ ሳጥኑ ውስጥ ተደርድሮ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ይልማ ራሱ ነገረሽ። ከክሊኒኩ የሰጧቸውን ወረቀት አለማንበቡንም አልደበቀሽም። አንቺም "እናቴን የገደላት ስንፍናህ ነው" አልሽው። ከአርባዋ ወዲህ ስልኩን እንደማታነሺለት አውቃለሁ። እሑድ እሑድ ይደውልልሻል፤ እስከ መጨረሻው ይጠራና ይዘጋል። አንድ ሁለቴ አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል።

በአርባዋ ማግሥት ክሪስታል ይልማ ቤት ሄጄ ልብሳቸውን ለነዳያን ልናደርግ እያጣጠፍን ነበር። ያ ወረቀት ቦርሳቸው ውስጥ አራት ቦታ ታጥፎ ቁጭ ብሏል። ይልማ አውጥቶ ሰጠኝ። ክኒኑን መቼ እንደሚያቆሙ፣ መቼ እንደሚጀምሩ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ከላይ በትናንሽ ፊደል ደግሞ አስተርጓሚ ቀርቦላቸው ነበር፣ በሽተኛዋ አልፈልግም ብለዋል ይላል።

"አየሽ ግትርነቷን?" አለኝ። "ሰው አምጥተውላት እምቢ አለች። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሲነግሯት ሁሉንም እሺ፣ እሺ ብላ ወጣች። ምን ነክቷት ነው? አንቺ ካልመጣሽ ሌላውን መቀበል አይደለም?" መጀመሪያ በእሳቸው ተናደደ። ወዲያው በሞተ ሰው መናደዱ አሳፈረውና ራሱን ይረግም ጀመር። እኔ የእማማን ነጠላ አጥፌ ፈታሁት፣ እንደገና አጠፍኩት።

ወረቀቱ ለእኔ አዲስ ነገር አልነገረኝም ነበር።

በታኅሣሡ ቀጠሮ ነርሷ የሆነ ነገር ልታመጣ ወጣ ብላ ነበር። እማማ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ ያወሩኝ ጀመር። እኔን ከማግኘታቸው በፊት የሚያስተረጉምላቸው ወንድ ልጅ እንደነበር፣ የሆዳቸውን ነገር በእሱ አፍ መስማት እንደሚያሳፍራቸው፣ ደግሞም ሲቸኩል ግማሹን እንደሚውጠው ነገሩኝ። አንጀቴን በሉኝ። "እማማ፣ ከእኔ ሌላ ሰው ካመጡልዎ እምቢ ይበሉ። እኔ እመጣለሁ" አልኳቸው። "ቃልሽ ነው?" አሉኝ። "ቃሌ ነው" አልኳቸው። ነርሷ ስትመለስ እማማ ከስክሪኑ ራቅ አሉ።

ያን ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ደወልኩላቸው። "ምነው ቀረሽ ልጄ? መኪና የነካሽ መስሎኝ ስፈራ ዋልኩ" አሉኝ። ስለ ኮምፒውተሩ ነገርኳቸው። ኮምፒውተርም እንደ ቤት ይታደሳል እንዴ ብለው ሳቁ። እንኳን አንቺ ደህና ሆንሽ አሉኝ። ሌላ ሰው መጣልዎ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"መጥቶ ነበር" አሉኝ። "እንዳልሽኝ አደረግሁ።"

ምን እንዳልኳቸው አልጠየቅኳቸውም። ስለ መድኃኒቱስ ምን አሉዎት አልኳቸው። "አቁሚ ነው ያሉኝ፤ ገብቶኛል" አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ ሠርቻለሁ። ሐኪም አቁሚ ካለ መቼ እንደሚጀመር ሳይናገር እንደማይተው ከማንም በላይ አውቃለሁ። ወረቀቱን ያንሱና ለይልማ ይስጡት፣ ያንብብልዎ ማለት እችል ነበር። ነገ መጥቼ አነብልዎታለሁ ማለት እችል ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስክሪን ላይ ፈጥጬ ደክሞኝ ነበር። አፍሬም ነበር። "እሺ እማማ፣ ደህና ይደሩ" ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ እስኪወድቁ ድረስ ሃያ ቀን ነበረኝ። ሁለት ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። ነገሩን አላነሳሁላቸውም።

ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አድርጌልሽ ስታወሪያቸው፣ ቀብሩን ሳሳይሽ፣ ለቅሶ ቤት ሻይ ስቀዳ፣ ሁሌም ይህ ነገር አብሮኝ ነበር። ስታመሰግኚኝ አሜን እልሽ ነበር። ወንድምሽን ስትረግሚው ደግሞ ተይ፣ እንዲህ አትበይ እልሽ ነበር፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

የማስተርጎሙን ሥራ መጋቢት ላይ ተውኩት። አሁን መጋዘን ውስጥ ሣጥን አሽጋለሁ። እዚያ ማንም ከአፌ የሚጠብቀው ነገር የለም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይልማን እስከ ቤቱ ተከትዬው ሄድኩ። መኪናውን አቁሞ ሳይወርድ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና እዚህ የጻፍኩልሽን ሁሉ ነገርኩት። ፊት ለፊት የጋራዡን በር እያየ ሰማኝ። ስጨርስ "ስንት ፐርሰንት ነበር ያልሽኝ?" አለኝ። ሰባ አራት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይሰድበኛል፣ ውረጂ ይለኛል ብዬ ነበር። ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ለእሷም ልትነግሪያት ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት።

"አትንገሪያት" አለኝ። "እኔን ተቀይማኛለች። ወንድሟ ነኝ፤ አንድ ቀን ይወጣላታል። ባይወጣላትም ወንድሟ ነኝ። አንቺን ካጣች ግን ማን ይቀርላታል? ወረቀቱን አለማንበቤ እንደሆነ እውነት ነው። እኔ ልሸከመው። በእማዬ አጥንት ይዤሻለሁ፣ አትንገሪያት።"

ከዚያ ወርዶ የኋላውን በር ከፍቶ ለሰማንያው የገዛውን ዕቃ ማውረድ ጀመረ። አገዝኩት። የምስር ጆንያውን በአንድ በኩል እሱ፣ በአንድ በኩል እኔ ይዘን ገባን።

ያን ምሽት ልሰማው አስቤ ነበር፤ አልዋሽሽም። እሱ ራሱ አትንገሪያት አለኝ፣ ከእንግዲህ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ሁለት ቀን ዋልኩ። ግን አስቢው፤ ከእኔ እንዳትለያዪ ብሎ አንቺን ዕድሜ ልኩን ሊያጣ የተዘጋጀ ሰው ነው፣ ስንፍናው ገደላት የምትዪው። ይህን ሳታውቂ ብትቀሪ ከመጀመሪያው በደል የከፋ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ለራሴ አይደለም። ሰማንያው ዓርብ ነው። ጽጌሬዳ እንዳለችው ረቡዕ ከደረሰች ሁለት ቀን አለሽ። ለይልማ ደውይለት። ዓርብ ፈቃድ ወስዷል፤ ቤት ነው። ምን እንደምትዪው ካጣሽ ምንም አትበዪው፤ ድምፅሽን ብቻ ይስማ። እኔ እንደጻፍኩልሽ አያውቅም። በእናቱ አጥንት ይዞኝ አፍርሻለሁና፣ እንዲያውቅ ከፈለግሽ ንገሪው።

እኔን በሚመለከት የምጠይቅሽ የለኝም። ብትረግሚኝ እሰማሻለሁ። ስልኬን ብትዘጊብኝም ይገባኛል። ዓርብ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ከኋላ እቆማለሁ፤ ስለ እማማ የምጸልየውን እግዚአብሔር ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም፤ ግን እቆማለሁ።

አምላክ የእማማን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ትልቋ ፈተናውን አልፋ የደስታ እንባ የምታነቢበትን ቀን ያሳይሽ። ጉልበትሽን ይጠግንልሽ። ለአንቺና ለይልማ የአንድ እናት ልጅነታችሁን ይመልስላችሁ።

ካርድም ሆነ ደብዳቤ ስልክልሽ እህትሽ ብዬ ነበር የምፈርመው። ዛሬ ያን ቃል ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ፤ ላንቺ ትቼዋለሁ።

አብሮ አደግሽ